በቁሙ የተለቀሰለት ሾፌር

ለባሌ ለንዋይ እድራችን ድንኳን የተከለለት በሕይወት እያለ ነው፤ ያውም እሱ ራሱ ከለቀስተኛው መሐል ተቀምጦ ንፍሮ እየቆረጠመ። ይህን ሳወራ ሰው ጤናዬን ይጠራጠራል። እኔ ጤነኛ ነኝ። ያኔም ጤነኛ ነበርኩ፤ ጤና ያጣው መንገዱ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ናዝሬት ውስጥ የምንኖርበት ሰፈር የሾፌር ሰፈር ነበር፤ ግቢው ሁሉ አሮጌ ጎማ፣ የልብስ ገመዱ ሁሉ ዘይት የነካው ቱታ። ንዋይ ተሳቢ ያላት ቀይ ፊያት ይነዳ ነበር። ሲሚንቶ ጭኖ ሻሸመኔ ይሄዳል፣ ከዚያ ድንችና በቆሎ ጭኖ በቡልቡላ፣ በዝዋይ፣ በመቂ፣ በቆቃ አድርጎ ሞጆን አልፎ ይመለሳል። ሲመለስም ሁልጊዜ ልክ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ከተማው መግቢያ ሲደርስ ክላክሱን ረዘም አድርጎ ያስጮኸዋል፤ ሰፈሩም የሚተዳደረው በዚያ ክላክስ ነበር። ሴቶች ሽሯቸውን ይጥዳሉ፣ የቀበሌው ዘበኛ ለምሳ ይወጣል፣ የእጅ ሰዓት ያለውም ሰው ሰዓቱን በሱ ያስተካክላል። ንዋይ በዚህ ነገር ደረቱን ይነፋ ነበር። «ሬዲዮኑ እንኳ አንዳንዴ ይሳሳታል» ይላል።

እኔ ግን ክላክሱን ስሰማ ሽሮ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። «ዛሬም አልሞተም» እል ነበር በሆዴ። ከዚያ ሥራዬን እቀጥላለሁ።

ንዋይ ሲነዳ ያላየው ሰው ይህን ፍርሃቴን አይረዳውም። ሌላ ሰው ሲቀድመው ያመዋል። ቀልድ አይደለም፣ በእውነት ያመዋል፤ ፊቱ አመድ ይመስላል። አንድ ጊዜ አብሬው ከሻሸመኔ ስመለስ አውቶቡስ ሊያልፈው ሲሞክር «ዘርፊ፣ አጥብቀሽ ያዢ» አለኝ። የምይዘው ነገር ባጣ የእመቤታችንን ስም ያዝኩ። ዝዋይ ስንደርስ ወርጄ በአውቶቡስ ተመለስኩ፤ ያንኑ ሊቀድመን የሞከረውን አውቶቡስ ነው የተሳፈርኩት። ንዋይ ይህን ክህደት ብሎ ለወራት አላናገረኝም፣ ማለቴ ስለ መኪና አላናገረኝም።

በዚያ ዓመት ከሰፈራችን ድንኳን አልነሳ አለ። ዛሬ ከአንዱ ደጅ ተነቅሎ ነገ ሌላው ደጅ ይተከላል። የእድሩ አግዳሚ ወንበሮች እግራቸው ላላ፣ ድንኳኑ ፀሐይ በልቶት ሳሳ፣ የእኛም ጥቁር ቀሚስ ሳይታጠብ ይደገም ጀመር። ሁሉም የሾፌር ለቅሶ ነው። አንዱ ሲቀድም፣ አንዱ ላለመቀደም፣ አንዱ ደግሞ ከማን ጋር እንደሚሽቀዳደም ሳይታወቅ ለብቻው።

መንግሥትም ዝም አላለም። የመንገድ ደኅንነት ዘመቻ ኮሚቴ የሚባል ተቋቋመና ጓድ ሐዲስ የሚባሉ ሰው ሰብሳቢ ሆነው መጡ። ጓድ ሐዲስ ካኪያቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ፣ ክፋት የሌለባቸው፣ ነገር ግን ስብሰባ ካልጠሩ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው ነበሩ። አዳራሽ ሰበሰቡንና «ፍጥነት የአድኃሪያን መሣሪያ ነው» አሉን። አጨበጨብን። ቀጥለው «ዝግታም የአብዮታችን እንቅፋት ነው» አሉ። አሁንም አጨበጨብን። ንዋይ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ታዲያ በስንት ይነዳ ተባለ?» አለኝ።

መልሱ ከሳምንት በኋላ መጣ። ቡልቡላ ኬላ ላይ መኪናው ያለፈበት ሰዓት በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ ለሾፌሩ ይሰጠዋል። ሞጆ ኬላ ሲደርስ ያችን ወረቀት ያሳያል። ሦስት ሰዓት ሳይሞላው ከደረሰ በርሯል ማለት ነውና መንጃ ፈቃዱን ይነጠቃል። ሲሰሙት ደኅና ደንብ ይመስላል። ሾፌሮቹ ግን መንገዱን እንደ ልማዳቸው በርረው ይመጡና ከሞጆ በፊት ቆቃ ላይ ይቆማሉ። ቆቃ የተጠበሰ ዓሣ አለ፣ ቢራ አለ፣ ጥላ አለ። የተረፋቸውን ጊዜ እዚያ ይጨርሱታል። ሰዓታቸው ሲሞላ ጠግበውና ሞቅ ብሏቸው፣ ለሠርግ የሚሄዱ ይመስል ቀስ እያሉ ሞጆ ይገባሉ። ጓድ ሐዲስ ኬላው ላይ ቆመው «ሾፌሩ ነቅቷል» ይላሉ። ድሮ በፍጥነት ብቻ ይሞት የነበረው ሰው አሁን በፍጥነትና በቢራ ይሞት ጀመር። ንዋይም እንደ ድሮው በስድስት ሰዓት ይመጣል፣ ብቻ ዓሣ ዓሣ ይሸታል።

የሴቶች እድራችን ሊቀመንበር እትዬ ሮማነወርቅ ነበሩ። እሳቸውም የሾፌር ሚስት ነበሩ፤ ባላቸው አዋሽ መንገድ ላይ ቀርተውባቸው ልጆቻቸውን ብቻቸውን ነው ያሳደጉት። ድምፃቸው ትልቅ፣ መቀነታቸው ትልቅ፣ ሙሾ ሲያወርዱ ከሟቹ ጋር ተጣልቶ የኖረውን ሰው ሳይቀር የሚያስለቅሱ ናቸው። አንድ ቀን ከቀብር ተመልሰን እጃችንን እየታጠብን ሳለ ማሰሮውን አስቀመጡና ዞር አሉ።

«ልጆቼ፣ ሁልጊዜ የምናለቅሰው ሰውየው ካለቀ በኋላ ነው። ምን ጠቀመን? አይሰማንም። ከእንግዲህ አስቀድመን እናልቅስ።»

«ምን ማለትዎ ነው እትዬ?» አልኳቸው።

«የሚበር ሾፌር አለ ከተባለ ሳይሞት ደጁ ላይ ድንኳን እንትከል። ንፍሮውን እንቀቅል። ሙሾውን እናውርድለት። መጥቶ በዓይኑ ይየው።»

«ኧረ ሟርት ነው!» አለች አንዷ እያማተበች።

«ሟርቱ የነሱ አነዳድ ነው። እኛ መቼ ነዳን?»

ጎረቤቴ ጉዲቱ፣ የሾፌሩ የደገፋ ሚስት፣ ከተቀመጠችበት ተነሳች። «ያ ረቢ! በደገፋ ይጀመርልኝ!» አለች። ወሬ የምናገኝበትንም መላ ያበጀች እሷ ናት። እህቷ ኢፍቱ ቡልቡላ መንገድ ዳር ቲማቲም ትሸጣለች። ማን እንዴት እንዳለፈ ሣጥኗ ላይ ከሚያርፈው አቧራ ታውቃለች። የበረረውን ሾፌር ስም በአውቶቡስ ረዳት ትልክልናለች። አውቶቡስ ከነሱ እንዴት ይቀድማል ትሉ ይሆናል። እነሱ ቆቃ ቁጭ ብለው ዓሣ ሲበሉ አውቶቡሱ ወሬውን ይዞ ያልፋቸዋላ። ድንኳን ለመትከል የሚበቃ ጊዜ ይተርፈናል። ለዚህ እንኳ ጓድ ሐዲስ ይመስገኑ።

እውነትም በደገፋ ተጀመረ። መኪናውን ይዞ ወደ ሰፈር ሲታጠፍ ደጁ ላይ ድንኳን አየ፣ እሪታ ሰማ። ሞተሩን ሳያጠፋ ዘሎ ወረደ። እናቱ የሞቱ መስሎት «እናቴን! እናቴን!» እያለ ደረቱን እየደቃ ገባ። እናቱ ከድንኳኑ መሐል ቁጭ ብለው ያለቅሳሉ። አያቸውና እጁ ደረቱ ላይ ቀረ።

«እንዴ! ታዲያ ማነው የሞተው?»

«አንተ ነህ ልጄ» አሉት እናቱ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

እትዬ ሮማነወርቅ ጊዜ አልሰጡትም፤

«ኧረ ደገፋ ሆይ፣ ምን አስቸኮለህ፣
ገደሉስ የት ይሄዳል፣ ቆሞ ሲጠብቅህ።»

ደገፋ ክንዱን ዳበሰ፣ ጉልበቱን ዳበሰ። ከዚያ መሬት ቁጭ ብሎ እንደ ሰው አለቀሰ። ከኋላው የሚመጡ ሁለት ጓደኞቹ ድንኳኑን አይተው ሳያጣሩ «ወንድሜን!» እያሉ ገቡ። ሟቹ ተነስቶ ሊያቅፋቸው ሲል አንደኛው ራሱን ሳተ፤ ውኃ ያረከፈከፈለትም ሟቹ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ደገፋን ከስልሳ በላይ ሲነዳ ያየው ሰው የለም።

ጓድ ሐዲስ ወሬውን ሰምተው እትዬ ሮማነወርቅንና እኔን አስጠሩን። «ሬሳ የሌለበት ለቅሶ ፈቃድ የሚያስፈልገው ስብሰባ አይሆንም ወይ?» ብለው ጠየቁ።

«እንግዲያው ጓድ፣ ሬሳው እስኪመጣ እንጠብቅ?» አሏቸው እትዬ።

«ከበላይ መመሪያ እጠይቃለሁ» አሉ ጓድ ሐዲስ። መመሪያው እስኪመጣ እኛ ማልቀሳችንን ቀጠልን። ለአንዱ ሾፌር አለቀስንለት፣ ለሌላው አለቀስንለት፤ ቆቃ ያለው ዓሣ ቤት ገበያው ቀዘቀዘ። ሳይረግብ የቀረ አንድ ሰው ነው፣ እሱም የኔው ጉድ።

የንዋይ ስም ሲመጣ ወሬውን ከአውቶቡሱ ረዳት የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ኢፍቱ «የዘርፊ ባል ቲማቲሜን ከነሣጥኑ ሊወስደው ነበር» ብላ ነው የላከችው። በሩጫ እትዬ ሮማነወርቅ ዘንድ ሄድኩና «ይተከልልኝ» አልኩ። ተስፋ አድርጌ ነበር። ደገፋን ያስለቀሰ ነገር ንዋይን ቢያንስ ያስደነግጠዋል ብዬ ነበር። እንባ እምቢ እንዳይለኝ የተከተፈ ሽንኩርት በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩ።

ስድስት ሰዓት ላይ ክላክሱ ጮኸ። ጥቂት ቆይቶ በድንኳኑ በር ብቅ አለ። እኔን አየኝ፣ ሴቶቹን አየ፣ ንፍሮውን አየ። ቆመ። ልቡን ነካነው አልኩ።

«የኔ ነው?» አለ።

«ያንተ ነው» አሉት እትዬ ሮማነወርቅ።

ሳቀ! ከዚያ ከወንዶቹ መሐል አግዳሚው ላይ ተደላድሎ ተቀመጠና ንፍሮ በእጁ ዘገነ። እትዬ ሮማነወርቅ ሳቁን እንዳልሰሙ ሆነው ጀመሩ፤

«ንዋይ ቸኩሎ ሄደ፣ ማንም ሳይቀድመው፣
ሚስቱ ምሳ ይዛ፣ ደጅ ስትጠብቀው።»

«እትዬ፣ ‹ማንም ሳይቀድመው› የምትለዋን ይድገሙልኝ» አለ ንዋይ።

መጀመሪያ ከጥግ አንዱን ሳቅ አመለጠው። ከዚያ ጉዲቱ። ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ። ንዋይ ፎቶ አንሺ አስጠርቶ ከድንኳኑ በር ላይ ተነሳ። «ሰው ዕድሜ ልኩን ለፍቶ ለቅሶው ላይ ማን እንደመጣለት ሳያይ ይሞታል። እኔ አየሁ» አለ። የቀረውንም ሰው ቆጠረ፤ «ጎሚስታው የታለ? ቆይ፣ እሱ ሲሞት ብሄድ!»

እኔ ብቻ አልሳቅሁም። ሽንኩርቱን ከነጠላዬ ፈትቼ ጣልኩት፣ ዓይኔ ግን ያለሱም ይቃጠል ጀመር። እንዲህ የተናደድኩበትን ቀን አላስታውስም። ሰው በገዛ ሞቱ ከቀለደ፣ እኔ በምን ላስፈራራው? ከዚያን ቀን በኋላ እንዲያውም ባሰበት። ሾፌሮች «የሞተው ሰው መጣ» ሲሉት ደስ ይለዋል፣ ደስ ሲለው ነዳጁን ይረግጣል።

ያን ዕለት ሰው ሲበተን እትዬ ሮማነወርቅ ወደ ጓዳ ጠሩኝ። «በቃ ልጄ፣ ሞቷል» አሉኝ።

«አልሞተም እኮ እትዬ፣ ራት ስጪኝ እያለ ነው።»

«ስጪው። ግን እድሩ አልቅሶለታል፣ ንፍሮውን በልተናል። እድር ያለቀሰውን መልሶ አይውጥም። ነገ ከል ልበሺ።»

ለበስኩ። ከዚያ በኋላ የነበረው ኑሮ ለጠላት አይስጥ። ጥቁር ለብሼ ምሳ አቀርብለታለሁ። «አውልቂው እንጂ፣ ምግቡ አልዋጥልኝ አለ» ይለኛል። «ባሌ ሞቶብኝ እንዴት አወልቃለሁ?» እለዋለሁ። አብረን ገበያ ስንሄድ ሰው እሱን ሰላም ሳይል ያልፍና እኔን «እግዜር ያጥናሽ» ይለኛል። ባለ ሱቁ ስኳር የሚመዝነው ለኔ ብቻ ነው። ንዋይ የመጀመሪያውን ሰሞን ሳቀ፣ ቀጥሎ ተሳደበ፣ ቀጥሎ ዝም አለ። መኪናውን ግን አላበረደም። ግትርነቱን ከናቱ ነው የወሰደው፣ አፈሩ ይቅለላቸው።

አርባው አለፈ። በሳምንቱ እሑድ ንዋይ በካናቴራ ሆኖ ምሳውን እየበላ፣ እትዬ ሮማነወርቅም እንግዳ ሆነው ጥግ ተቀምጠው ሳለ፣ ከደጅ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ መጣ። ሦስት ሽማግሌዎች ነበሩ። ከፊት ያሉት ጋሼ ቀነዓ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አንጋፋ ሾፌር፣ ንዋይን ራሱን መንዳት ያስተማሩት።

«ይግቡ ጋሼ ቀነዓ፣ ይቀመጡ» አለ ንዋይ ከገበታው ብድግ እያለ።

ጋሼ ቀነዓ ወደሱ አልዞሩም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ለእትዬ ሮማነወርቅ እጅ ነሱ። «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም፤ ደጅ ልንጠና ነው የመጣነው። በቅድሚያ የሟቹን ነፍስ ይማርልን።»

«አሜን» አሉ እትዬ።

የንዋይ ጉርሻ እጁ ላይ ቀረ።

«ደግ ልጅ ነበር» አሉ ጋሼ ቀነዓ። «መንዳት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ማቆም ሳላስተምረው አመለጠኝ።»

«ጋሼ፣ አለሁ እኮ!»

«እንግዲህ ይቺ ልጅ ገና ለጋ ናት። ብቻዋን መቅረት የለባትም። ሙሉብርሃን ጋሪ ነጂው ለትዳር ይፈልጋታል፤ እኛም ‹ልጃችሁን ለልጃችን› ልንል ነው የመጣነው።»

ሙሉብርሃንን የማያውቅ ናዝሬት የለም። ፈረሱ እየሄደ የሚያንቀላፋ፣ ከጋሪው ወርዶ በእግሩ መሄድ የጀመረ ተሳፋሪ ቀድሞት የሚደርስ ሰው ነው።

«ሙሉብርሃን?» አለ ንዋይ። ድምፁ ቀጠነ። «ያ ፈረሱን ዝንብ የሚቀድመው?»

ጋሼ ቀነዓ አሁንም ያናገሩት እትዬ ሮማነወርቅን ነው። «ሀብቱ ፈረስና ጋሪ ነው። ጠባዩ ዝግ ያለ ነው። በዕድሜው ማንንም ቀድሞ አያውቅም። ሄዶ ያልተመለሰበት ቀን ግን የለም።»

እውነቱን ልናገር፣ ይህ ነገር ሲጎነጎን እኔ አልተነገረኝም። እንደ ንዋይ ዱብ ዕዳ ነው የሆነብኝ። እስከዚያ ድረስ ሳቄን ለመያዝ ከንፈሬን ነክሼ ነበር። ያቺ የመጨረሻዋ ቃል ግን ሆዴ ገባች። ሄዶ ያልተመለሰበት ቀን የለም።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሉኝ እትዬ ሮማነወርቅ።

«ሁልጊዜ የሚመለስ ባል...» አልኩና ልጨርሰው አልቻልኩም። እንባዬ መጣ። ሽንኩርት አልነበረም።

ንዋይ ጉርሻውን ገበታው ላይ መለሰ። እጁን ሳይታጠብ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። «ዘርፊ፣ ምን ላድርግልሽ?» አለኝ።

«ቀስ ብለህ ና። ሌላ ምንም አልፈልግም። ቀስ ብለህ ና፣ በቃ።»

«እሺ» አለ።

ጋሼ ቀነዓ ዞር አሉ። «ድምፅ ሰማሁ ልበል? ማነው እሺ ያለው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ» አለ ንዋይ አንገቱን ደፍቶ።

«እንኳን ተነሣህ ልጄ» አሉና ሦስቱም ሽማግሌዎች ተቀምጠው የተረፈውን ምሳ በሉ። ከሉን ያኔውኑ አወለቅሁ። ሙሉብርሃን ግን ጨዋታ መስሎት ሳይሆን የምሩን ፈልጎኝ እንደነበር በኋላ ሰማሁ። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ።

ንዋይ በሚቀጥለው ሳምንት ሲሚንቶ ጭኖ ሄደ። በሚመለስበት ቀን ማለዳ ተነስቼ ቤቱን አጸዳሁ። ስድስት ሰዓት ሆነ፤ ማለቴ ሆኖ መሆን አለበት፣ ክላክስ ግን የለም። ጉዲቱ ድስቷን ይዛ ከአጥሩ በላይ «ልጣድ ወይስ ልቆይ?» አለችኝ። «ቆይ» አልኳት። የቀበሌው ዘበኛ ሆዱን እያሻሸ ወደ መንገዱ ያያል። ሰባት ሰዓት ሆነ። በሰፈሩ የሚጤስ ጭስ የለም።

ስምንት ሰዓት ገደማ አውቶቡሱ ገባ። ወደ መናኸሪያው ሮጥን። ረዳቱ የኢፍቱን መልእክት ነገረን፤ «ንዋይን ዛሬ አላየሁትም» ብላለች። ጉዲቱ ክንዴን ያዘችኝ። ረዳቱ ወደ መሬት እያየ ጨመረበት። ከመቂ አለፍ ብሎ ቀይ ፊያት ከነተሳቢዋ ተገልብጣለች። ጭነቱ መንገዱን ሞልቶት ነበር፣ ሾፌሩን አላዩትም፣ ፖሊስ እንዲቆሙ አልፈቀደላቸውም።

«ኢፍቱ ሣጥኗን ሳትዘረጋ ነዋ ያለፈው» አለ ከኋላችን አንድ ሰው። «እንደዚህ በርሮ አያውቅም ማለት ነው።» ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅሁ። ቃሉን አፍርሷል ብዬ አመንኩ፣ ስለሞተ ደግሞ ልቆጣው አልቻልኩም።

ቤቴ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ወንዶቹ መኪና ፍለጋ ሄዱ። ሴቶቹ አንድ አንድ እያሉ ገቡ፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው። ድንኳን የተከለ የለም፣ ንፍሮ የጣደ የለም። ያ ሁሉ ለቀልዱ ሲሆን እንዴት ይቀላጠፍ ነበር! እትዬ ሮማነወርቅ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጡና እጄን ያዙኝ። ሙሾ ያወርዳሉ ብዬ ጠበቅሁ። አላወረዱም። ያን ትልቅ ድምፅ ዝም ሲል ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ ያኔ ነው ነገሩ እውነት የሆነብኝ።

ለስንት ሰዓት እንደጮህኩ አላውቅም። ሙሾ አላውቅም፣ ቤት መምታት አልችልበትም። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ያንኑ አንድ ነገር ነበር የምለው።

«ቀስ ብለህ ና ነው ያልኩህ! ቅር መቼ አልኩህ! ንዋይ፣ ቅር መቼ አልኩህ!»

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ቤቱ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። እትዬ ሮማነወርቅ እጄን ለቀቁኝ። ዞር ስል ንዋይ በሩ ላይ ቆሟል። ሸሚዙ ጭቃ፣ ዓይኑ ደም። እዚያ ስንት ደቂቃ ቆሞ ሲሰማኝ እንደነበር ማንም አልነገረኝም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም።

የሆነው ይህ ነው። ቀስ ብሎ መጥቷል። ቡልቡላን ሲያልፍ አቧራ ስላላስነሳ ኢፍቱ ከቲማቲሟ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። አውቶቡሱም መንገድ ላይ አልፎታል። ረዳቱ መኪናዋን አይቷት ነበር፤ ንዋይ ደግሞ ስለማይቀደም «የሱን የምትመስል የሌላ ሰው መኪና» ብሎ አለፈ። የተገለበጠችው የሻሸመኔ ሰው ፊያት ናት። ንዋይ ሲደርስ ሾፌሩ እጁ ተሰብሮ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ አገኘው፤ መቂ ጤና ጣቢያ አድርሶት ተመለሰና የተበተነውን ጭነት ከመንገዱ ሲያነሳ ዋለ። ጭነቱ ሽንኩርት ነበር። በመጨረሻም ናዝሬት መግቢያ ላይ ከፊቱ የሙሉብርሃን ጋሪ ገጠመው። አልቀደመውም። ክላክስ እንኳ አላሰማም። ከፈረሱ ኋላ በአንደኛ ማርሽ እየተጎተተ እስከ ሰፈር ድረስ መጣ።

ለቅሶው መሐል አልፎ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠ። አልሳቀም። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ።

«ሽንኩርት ነው» አለ በመጨረሻ።

ማንም አልሳቀም። እትዬ ሮማነወርቅ ተነሱ፣ የዘቀዘቁትን ነጠላ አቀኑና መቀነታቸውን ጠበቅ አደረጉ። ከዚያ ወደ ጉዲቱ ዞረው በዚያ በትልቁ ድምፃቸው፣

«ሽሮው ይጣድ! ስድስት ሰዓት ሆኗል» አሉ።